የስታንሊ ወንድማማቾች የመጀመሪያ ሸክላዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካርተር እና ራልፍ ስታንሊ ከ1947 እስከ 1952 ያስቀረጿቸው ዘፈኖች በብሉግራስ ሙዚቃ፣ ማለትም በአሜሪካ ደቡብ ተራሮች በባንጆ፣ በማንዶሊን፣ በቫዮሊንና በጊታር በሚጫወቱት የካንትሪ ዓይነት፣ ውስጥ ለብቻቸው የሚቀመጡ ናቸው። ስታንሊዎችን ከፊልም ወይም ከዩቲዩብ የሚያውቅ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ኋላ የመጣውን ሥራቸውን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ስሟቸው። ሁለት ጎረምሶች የሰው ሙዚቃ እየኮረጁ ይጀምራሉ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ማንም የማይኮርጀው የራሳቸው ድምፅ ይኖራቸዋል። ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ ይህንን ጉዞ የሚከተሉ ናቸው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስታንሊ ወንድማማቾች እነማን ናቸው?

ካርተር በ1925፣ ታናሹ ራልፍ በ1927 ተወለዱ። አገራቸው ዲከንሰን ካውንቲ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ጥግ ከኬንታኪ ጋር የሚዋሰን ተራራማ ቦታ። ሰዉ የሚኖረው በድንጋይ ከሰል፣ በእንጨትና በትንሽ እርሻ ነበር። አባታቸው ሊ እንጨት እያስቆረጠና እያሰነጠቀ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። የድሮ ዘፈኖችንም ያለ መሣሪያ ያንጎራጉራል። እናታቸው ሉሲ ደግሞ ባንጆ ትመታለች፤ ሆዱ እንደ ከበሮ በቆዳ የተወጠረ ባለ ክር መሣሪያ ነው።

ራልፍ የመጀመሪያውን ባንጆ እንዴት እንዳገኘ እስኪያረጅ ድረስ ሲያወራው ኖሯል። አክስቱ የምትሸጣቸው ሁለት ነገሮች ነበሯት፤ አንዲት አሳማና አንድ ባንጆ። ዋጋቸው እኩል ነው፣ አምስት አምስት ዶላር። እናቱ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ነገረችው፤ ሁለቱንም የመግዛት አቅም የላትም። ራልፍ ከብት የሚወድ ልጅ ነበር፤ የእንስሳት ሐኪም የመሆን ሐሳብም ነበረው። የመረጠው ግን ባንጆውን ነው። እናቱ ቃኝታለት «ሻውት ሊትል ሉሊ» የሚባለውን ዜማ አሳየችው። በዚያው ቀጠለ።

ሲዘፍኑ የሥራ ክፍፍላቸው ቀላል ነው። ካርተር ጊታር ይዞ ዋናውን ዜማ ይዘፍናል። ራልፍ ባንጆውን ይዞ ከወንድሙ በላይ ባለው ቀጭን ድምፅ፣ ማለትም በቴነር፣ ያጅበዋል። አብዛኞቹን ዘፈኖች የጻፈውም፣ መድረክ ላይ ሕዝቡን የሚያነጋግረውም ካርተር ነበር። ራልፍ በዚያን ጊዜ ዓይናፋር ነበር።

ባንዱ እንዴት ተጀመረ?

ሁለቱም በጦርነቱ ዘመን ማብቂያ ላይ ወታደር ሆነዋል። ካርተር ቀድሞ ተሰናበተና ሮይ ሳይክስ የሚባል ሰው ባንድ ውስጥ ገባ። እዚያ ከማንዶሊን ተጫዋቹ ከፒ ዊ ላምበርት ጋር ተገናኙ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ በጣም ያስፈልገናል። ራልፍ በ1946 መገባደጃ ላይ ሲመለስ ወንድማማቾቹ ፒ ዊን ይዘው የራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ስሙን ከአገራቸው ተራራ ወስደው «ክሊንች ማውንቴን ቦይስ» አሉት።

ኖርተን በሚባል ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ጀምረው፣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወደ ብሪስቶል ተሻገሩ። ብሪስቶል ግማሹ ቨርጂኒያ፣ ግማሹ ቴኔሲ ውስጥ ያለ ከተማ ነው፤ የሁለቱ ግዛቶች ድንበር በዋናው ጎዳና መሃል ያልፋል። እዚያ ደብሊው ሲ ዋይ ቢ የሚባል አዲስ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። «ፋርም ኤንድ ፈን ታይም» የሚባል የቀትር ፕሮግራሙ ለገበሬው ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል።

የሬዲዮው ትልቅ ጥቅም ማስታወቂያነቱ ነበር። ቀትር ላይ ዘፍነው ማታ የት እንደሚጫወቱ በአየር ላይ ይናገራሉ። የዘፈን ደብተራቸውን በፖስታ ይሸጣሉ። ከዚያ ቤዝ የሚባለውን ትልቁን ባለ ክር መሣሪያ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስረው በጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ሲኒማ ቤት ይነዳሉ። በማግስቱ ቀትር ደግሞ ማይክሮፎኑ ፊት መገኘት አለባቸው። ሸክላ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ሸክላ ማን አሳተመላቸው?

ሪች-አር-ቶን የሚባል ትንሽ አሳታሚ። ጂም ስታንተን የሚባል ሰው በ1946 ጆንሰን ሲቲ፣ ቴኔሲ ውስጥ የከፈተው ነው። ሰውየው የአካባቢውን የሬዲዮ ሙዚቀኞች ያስቀርጽና ሸክላውን መኪናው ላይ ጭኖ ከሱቅ ሱቅ ያዞራል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ናሽቪልንና ኒው ዮርክን ሲያዩ፣ እሱ ከደጁ ያለውን ሰማ።

ስታንሊዎች ለሪች-አር-ቶን የመጀመሪያ ቀረጻቸውን ያደረጉት በ1947 ነው። ካርተር 22፣ ራልፍ 20 ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው ሸክላ አንዱ ገጽ «ማዘር ኖ ሎንገር አዌይትስ ሚ አት ሆም» ይባላል፤ እናቱ የሞተችበት ሰው ለቅሶ ነው። ሌላው ገጽ «ዘ ገርል ቢሃይንድ ዘ ባር» ነው፤ መጠጥ ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ልጅ የሚተርክ።

ስማቸውን ያስጠራው ግን በ1948 የወጣው «ሊትል ግላስ ኦፍ ዋይን» ነው። ቅናት ያሳበደው ጎረምሳ ለሚወዳት ልጅ መርዝ ያለበት ወይን ያጠጣታል፣ ከዚያ እሱም ከዚያው ብርጭቆ መጠጣቱን ይነግራታል። ይህ ሸክላ በዚያ ተራራማ አገር በደንብ ተሸጠ። ከጀርባው ያለው «ሊትል ማጊ» ደግሞ ራልፍ ብቻውን የሚዘፍነው ጥንታዊ ዜማ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገና በዚህ ዘፈን የወደፊቱ ራልፍ በሙሉ አለ። ድምፁ አይለሳለስም፣ አያባብልም፤ የመጨረሻውን ቃል እንደ መወርወር አድርጎ ይለቀዋል።

ቢል ሞንሮን ኮርጀዋል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም። ታሪኩ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ቢል ሞንሮ በ1946 እና 1947 የነበረው ባንድ የብሉግራስ መሠረት ነው። ሌስተር ፍላት ጊታርና ድምፅ፣ ኧርል ስክራግስ ባንጆ፣ ቸቢ ዋይዝ ቫዮሊን፣ ሃዋርድ ዋትስ ቤዝ፣ ሞንሮ ራሱ ማንዶሊን። ቅዳሜ ማታ ከናሽቪል በግራንድ ኦል ኦፕሪ ፕሮግራም ሲጫወቱ የደቡቡ ተራራ ሁሉ ሬዲዮው ላይ ይለጠፋል። ስክራግስ በሦስት ጣት የሚመታው ባንጆ ለሰዉ እንግዳ ነገር ነበር። ስታንሊዎችና ፒ ዊም ከአድማጮቹ መካከል ነበሩ። ፒ ዊ በተለይ ሞንሮን ያመልከው ነበር ማለት ይቻላል፤ ማንዶሊን አያያዙም፣ ድምፁም፣ ሁሉ ነገሩ ሞንሮ ነው።

ሞንሮ ኦፕሪ ላይ ከሚጫወታቸው ዘፈኖች አንዱ «ሞሊ ኤንድ ቴንብሩክስ» ነበር። በ1878 በሉዊቪል፣ ኬንታኪ በሁለት ዝነኛ ፈረሶች መካከል ስለተደረገ ግጥሚያ የሚተርክ የድሮ ዘፈን ነው። ሞንሮ በኦክቶበር 1947 ኮሎምቢያ ለሚባለው ትልቅ የሸክላ አሳታሚ አስቀረጸው፤ ኩባንያው ግን እስከ 1949 አላወጣውም። ስታንሊዎች ዘፈኑን የሚያውቁት ከአየር ላይ ነው። በ1948 ለሪች-አር-ቶን ቀረጹትና የነሱ ሸክላ ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ገባ።

ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ካርተር ዋና ድምፃዊ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ላይ የሚዘፍነው ፒ ዊ ነው፤ የሞንሮን ከፍ ያለ ድምፅ የሚያወጣው እሱ ስለሆነ። ራልፍ የእናቱን የባንጆ አጨዋወት ትቶ በስክራግስ መንገድ በሦስት ጣት ይጋልባል። ፍጥነቱም የሞንሮ ነው፣ የመሣሪያዎቹ አገባብም እንደዚያው።

የብሉግራስ ታሪክ ጸሐፊው ኒል ሮዘንበርግ ለዚህ ሸክላ ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። እስከዚያ ድረስ ይህ ድምፅ የአንድ ሰው ባንድ ድምፅ ነበር። ሌላ ባንድ ሙሉውን ነገር አንስቶ ሲጫወተው ግን የሙዚቃ ዓይነት መሆን ጀመረ። «ብሉግራስ» የሚለው ስም ራሱ ከሞንሮ ባንድ ከ«ብሉ ግራስ ቦይስ» የመጣ ነው። ማንም ተከትሎት ባይጫወት ኖሮ ከባንዱ ጋር አብሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ ስታንሊዎች መኮረጃቸውን እንደ ነውር የሚያነሱ ሰዎች አይገቡኝም። ያ ኩረጃ ባይኖር ዛሬ የምናወራበት ሙዚቃ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሞንሮስ ምን አለ?

ተቆጣ። ኮሎምቢያ ስታንሊዎችን ሲያስፈርም ቁጣው ባሰ። ያስፈረማቸው አርት ሳዘርሊ የሚባለው የኩባንያው ሰው ነው፤ ሞንሮን ያስቀርጽ የነበረው ራሱ። ሞንሮ እሱን የሚመስል ባንድ ከሱ ጋር በአንድ አሳታሚ ሥር መግባቱን አልታገሠም። ኮሎምቢያን ትቶ ዴካ ወደሚባል ሌላ አሳታሚ ሄደ፤ በ1950 መጀመሪያ እዚያ መቅረጽ ጀመረ።

ቂሙ ግን አልቆየም። በ1951 ካርተር ራሱ ሞንሮ ባንድ ውስጥ ገብቶ ጊታር እየመታ ዘፍኗል፤ ለዴካ በተቀረጹ ዘፈኖች ላይም ድምፁ አለ። በ1954 ደግሞ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሞንሮን «ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ» በአዲስ ምት ሲያወጣው፣ ስታንሊዎች ያንን ፈጣን አጨዋወት ይዘው እንዲቀርጹት ያበረታታቸው ሞንሮ ነው።

ድምፃቸው እንዲህ የሚዋሃደው ወንድማማቾች ስለሆኑ ነው?

በከፊል። በአሜሪካ ደቡብ ወንድማማቾች በጥንድ የመዝፈን ልማድ ከብሉግራስ በፊት የነበረ ነው። በ1930ዎቹ ዴልሞር ወንድማማቾች፣ ብሉ ስካይ ቦይስ የሚባሉት የቦሊክ ወንድማማቾች፣ ቢል ሞንሮና ወንድሙ ቻርሊ በዚህ መንገድ ዝነኛ ሆነዋል። አንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ ሰዎች ቃል የሚጠሩበት መንገድ አንድ ነው። የት እንደሚተነፍሱ አይነጋገሩም። አንዱ አናባቢውን ሲጎትት ሌላው እስከ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ስታንሊዎችን ከሌሎቹ ጥንዶች የሚለያቸው ግን ድምፃቸው አለመመሳሰሉ ነው። ብሉ ስካይ ቦይስን ስትሰሙ የማን የት እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ካርተርና ራልፍን ማምታታት አይቻልም። ካርተር ለስላሳ ነው፤ ሐዘን ያለበት፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራ የሚመስል ድምፅ። ራልፍ ስለታም ነው፤ ከሩቅ የሚጣራ።

የራልፍ ድምፅ ከየት መጣ ቢባል ከቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተሰቡ የሚሄደው ፕሪሚቲቭ ባፕቲስት ወደሚባል ቤተ ክርስቲያን ነበር። እዚያ የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም። መሪው አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ምእመናኑ በዝግታ እየጎተቱ ይቀበላሉ። ማንም አያሳምርም። ራልፍ ይህንን አዘፋፈን ወደ ባንጆ ሙዚቃ ይዞት ገባ። ሞንሮም ጋ፣ ፍላትና ስክራግስም ጋ በዚህ መልኩ አይገኝም።

ሰዎች ስለ «ሦስተኛው ድምፅ» ሲያወሩ ምን ማለታቸው ነው?

ወደ ፒ ዊ ላምበርት ተመለስን። እኔ እንደማስበው ስታንሊዎች ራሳቸውን ያገኙት እዚህ ላይ ነው።

በሦስት ድምፅ ሲዘፈን የተለመደው አቀማመጥ ይህ ነው። ዋናው ዜማ መሃል ላይ ይሆናል። ቴነሩ ከላይ፣ ባሪቶኑ ከታች ያጅቡታል። ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ሆኖ ይመጣጠናል። ስታንሊዎች የታችኛውን ድምፅ፣ ባሪቶኑን፣ አንድ ኦክታቭ አንስተው ከቴነሩም በላይ አወጡት። ያንን የሚዘፍነው ፒ ዊ ነው። ስለዚህ ካርተር ዜማውን ይዞ ከሁሉም ሥር ይቀራል፣ ራልፍ ከሱ በላይ ይገባል፣ ፒ ዊ ደግሞ ከራልፍም በላይ ይወጣል። ከካርተር በታች የሰው ድምፅ የለም። ሙዚቀኞቹ ይህን «ሃይ ባሪቶን» ይሉታል።

በኮሎምቢያ የመጀመሪያው ቀረጻቸው የተካሄደው በማርች 1, 1949 ነው፤ ናሽቪል፣ በቱሌን ሆቴል ውስጥ በነበረው ካስል ስቱዲዮ። የዚያ ዘመን ዋነኛ ዘፈን «ዘ ዋይት ዶቭ» ይባላል። ይህን የሦስት ድምፅ አቀማመጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን በ1950 የተቀረጸው «ዘ ሎንሰም ሪቨር» ነው። ቀስ ያለ፣ በሦስት ምት የሚሄድ ዘፈን ነው። ካርተር በወንዝ ዳር ብቻውን ስለተቀመጠ ሰው ስንኙን ለብቻው ይዘፍናል፤ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። አዝማቹ ላይ ሁለቱ ከላዩ ይገባሉ። ሦስቱም ድምፆች እዚያ ከፍታ ላይ በጣም ተቀራርበው ስለሚቆሙ ሲፋጩ የሚሰማ ይመስላል። መስመሩ ሲያልቅ ፒ ዊ ጫፉን ትንሽ ያቆየዋል። ከዚያ ሁሉም ይወርዱና ካርተር እንደገና ብቻውን ይቀራል።

በጆሮ ማዳመጫ አንዴ ካርተርን ብቻ፣ አንዴ ፒ ዊን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት። የፒ ዊን መስመር ለብቻው ቢዘፈን ዜማ አይመስልም፤ ከሁለቱ ጋር ሲሆን ግን ያለሱ አዝማቹ ባዶ ነው። የሞንሮ ተከታይ የነበረው ሰው ባንዱን ከሞንሮ የለየው ራሱ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ዘፈኖቹ ለምን ስለ እናትና ስለ ሞት ብቻ ይሆናሉ?

«ብቻ» አይደሉም፤ ግን ይበዛሉ፣ ልክ ነው። «ዘ ዋይት ዶቭ» እናትና አባቱን የቀበረ ልጅ ለቅሶ ነው። ካርተር ሲጽፈው እናቱ ሉሲ በሕይወት ነበረች፤ ከካርተርም በኋላ ኖራለች። የራሱን ለቅሶ አይደለም የጻፈው ማለት ነው፤ አድማጮቹ የሚያውቁትን ነው። ማዕድን ማውጫ ሰው በሚበላበት አገር፣ ስለ መቃብርና ስለ ሰማይ ዘወትር በሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ሞት እንግዳ ርዕስ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ከጦርነቱ በኋላ የዚያ ተራራ ወጣት በገፍ ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ ወደ ዲትሮይት፣ ወደ ሲንሲናቲ፣ ወደ ዴይተን ፋብሪካዎች። «ዘ ፊልድስ ሃቭ ተርንድ ብራውን» የሚለውን ስሙ። ከቤት ወጥቶ ሲንከራተት የኖረ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ሲሞቱ አልደረሰም፣ እርሻው ጠውልጓል። ከአገሩ ርቆ መርዶ በስልክ የሰማ አንባቢ ይህን ዘፈን ለመረዳት የብሉግራስ ትምህርት አያስፈልገውም።

ራልፍ ባንጆውን ሁልጊዜ በሦስት ጣት ነበር የሚመታው?

አይደለም። ከእናቱ የወረሰው ክሎሃመር የሚባለውን፣ በጥፍር ወደ ታች እየመቱ የሚጫወቱትን የድሮ ስልት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲጫወት ይሰማል። ወደ ሦስት ጣት የተሻገረው በ1948 አካባቢ ነው። ከስክራግስ የሚለየው ድምፁ ስለት ያለው፣ ቀጥተኛ መሆኑ ነው፤ ጌጥ አያበዛም።

«ማን ኦፍ ኮንስታንት ሶሮው» የማን ዘፈን ነው?

ከስታንሊዎች በፊት የነበረ ነው። ዲክ በርኔት የሚባል ዓይነ ስውር የኬንታኪ ሙዚቀኛ በ1913 አካባቢ በዘፈን ደብተሩ ውስጥ አሳትሞታል። ኤምሪ አርተር በ1928 በሸክላ አስቀርጾታል። ራልፍ ከአባቱ እንደሰማው ይናገር ነበር።

ስታንሊዎች ለኮሎምቢያ የቀረጹት በኖቬምበር 1950 ነው፤ የሚዘፍነው ራልፍ ብቻውን ነው። በ1959 ለኪንግ ሪከርድስ እንደገና ሲቀርጹት የሌሎቹን ተቀባይ ድምፅ ጨመሩበት። በ2000 «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» በሚለው ፊልም የታወቀው አዘፋፈን የተከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፊልሙ ላይ የምትሰሙት ዋና ድምፅ የዳን ቲሚንስኪ ነው እንጂ የስታንሊዎች አይደለም። የራልፍ ድምፅ በዚያው ፊልም «ኦ ዴዝ» ላይ አለ፤ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ያ የቤተ ክርስቲያን አዘፋፈን እንዳለ። በ2002 በ75 ዓመቱ ግራሚ አሸለመው።

ለእኔ የ1950ው ቅጂ ይበልጣል። ከኋላ የሚያጽናናው ተቀባይ የለም።

በ1951 ባንዱ ለምን ተበተነ?

ገቢ አነሰ። የኮሎምቢያ ዘፈኖች ዛሬ እንደ ዕንቁ ይቆጠራሉ፤ ያኔ ግን ብዙ አልተሸጡም። ወንድማማቾቹ ዲትሮይት ሄደው ፎርድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሠርተዋል። ካርተር ወደ ሞንሮ የገባው በዚያ ክፍተት ነው። በኦገስት 1951 ራልፍና ፒ ዊ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። ራልፍ ሲያገግም ወንድማማቾቹ እንደገና ተገናኙ። በ1952 ወደ ሪች-አር-ቶን ለጥቂት ዘፈኖች ተመልሰዋል፤ ለኮሎምቢያም የመጨረሻዎቹን የቀረጹት በዚያው ዓመት ነው። ፒ ዊ ከባንዱ ሲወጣ ያ የሦስት ድምፅ ዘመን አበቃ።

ቅጂዎቹ ለምን እንዲህ ይንጫጫሉ?

የሪች-አር-ቶኖቹን ከሆነ የምትሉት፣ ዋናው ቅጂ ሳይሆን የተሸጠው ሸክላ ራሱ ነው ብዙውን ጊዜ የተገለበጠው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ የሚሰበር ሸክላ ነው፤ በብረት መርፌ ስንት ጊዜ ተጫውቷል። አቀራረጹም ቀላል ነበር። ሁሉም በማይክሮፎን ዙሪያ ይቆማሉ፤ መጉላት ያለበት ይጠጋል። የቀረጻ ቴፕ ትንንሾቹ ጋ ገና አልደረሰም። አንዱ ቢሳሳት ቆርጦ መቀጠል የለም፣ ከመጀመሪያው ነው። አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ዘፈኖቹም አጫጭር ናቸው። የኮሎምቢያዎቹ ድምፅ በጣም የጠራ ነው።

ከየቱ ልጀምር? የትስ አገኛቸዋለሁ?

የሪች-አር-ቶን ዘፈኖች «ኧርሊየስት ሪኮርዲንግስ» በሚል ርዕስ በአንድ ሲዲ ተሰብስበው ወጥተዋል። የኮሎምቢያዎቹን 22 ዘፈኖች የጀርመኑ ቤር ፋሚሊ በአንድ ሲዲ አውጥቷቸዋል፤ ሶኒም እንዲሁ። አብዛኞቹ በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ ይገኛሉ። ስትፈልጉ ዓመቱን እዩ፤ ስታንሊዎች የድሮ ዘፈኖቻቸውን ኋላ ላይ ደጋግመው ቀርጸዋቸዋል፣ በርዕስ ብቻ ከፈለጋችሁ የ1960ዎቹ ቅጂ ሊመጣላችሁ ይችላል።

በእኔ ምርጫ «ሊትል ማጊ»ን አስቀድሙ፣ ከዚያ «ሞሊ ኤንድ ቴንብሩክስ»ን ከሞንሮ ቅጂ ጋር። ቀጥሎ «ዘ ዋይት ዶቭ» እና «ዘ ሎንሰም ሪቨር»። «ፕሪቲ ፖሊ»ን ለብቻው አቆዩት፤ ፍቅረኛውን መቃብር ቆፍሮላት ስለሚወስዳት ሰው የሚተርክ ጥንታዊ ዘፈን ነው፣ ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?

ከ1953 እስከ 1958 መርኩሪ ለሚባል አሳታሚ ቀረጹ። ብዙ ሰው ምርጡ ዘመናቸው ይህ ነው ይላል። ባንዱ የበሰለ፣ ቀረጻው የጠራ ነው፤ አልከራከርም። ከዚያ ስታርዴይና ኪንግ የሚባሉት አሳታሚዎች መጡ። ካርተር በዲሴምበር 1, 1966 በ41 ዓመቱ ሞተ። ራልፍ ባንዱን ሳይበትን ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘፍኖ በ2016 አረፈ።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ሄጄ የማየው ነገር አለ?

አለ። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ያለው ሐበሻ ከስታንሊዎች ጋር የአንድ ግዛት ሰው ነው፤ ርቀቱ ግን ቀላል አይደለም፣ ከቀኑ አብዛኛውን መንዳት ይጠይቃል። የዲከንሰን ካውንቲ ዋና ከተማ በሆነችው በክሊንትዉድ የራልፍ ስታንሊ ሙዚየም አለ፤ በ2004 ነው የተከፈተው። ብሪስቶል ላይ ደግሞ በ2014 የተከፈተ ትልቅ የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ታገኛላችሁ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያ ስላለው ሙዚቀኞች በቀጥታ ሲጫወቱ ማየት ይቻላል፤ «ፋርም ኤንድ ፈን ታይም»ንም በስሙ መልሶ አስነስቶታል። ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈቱበትን ቀን ደውላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ተራራ ስለሆነ ክረምት ላይ አልመክርም።